የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ

ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች አንዱ በጡረታ ከተገለሉ በኋላ የሰፈራቸውን ባልና ሚስት በማስታረቅ የታወቁ አዛውንት ናቸው። ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ስትሆን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በቤተሰብ ጉዳይ የምትከራከር ጠበቃ ነች። እሳቸው ማስታረቅ ሲያቅታቸው ወደ እሷ ይልካሉ፤ ፍርድ ቤቱ «እስቲ በሽማግሌ ሞክሩ» ሲል ደግሞ እሷ ወደ እሳቸው ትመልሳለች። እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ ያዳመጥኩትን ነው የጻፍኩት። የባለጉዳዮቹን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥቼዋለሁ።

ጠበቃዋ፦ ጋሼ፣ እነዚያ የላኩልኝ ባልና ሚስት ነገራቸው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተበላሸ። በቤቱ ተስማምተው ነበር፤ በመኪናውም ተስማምተው ነበር። በምን እንደተጣሉ ይገምቱ።

ሽማግሌው፦ በወርቅ ነዋ።

ጠበቃዋ፦ በብርጭቆ። ቡፌው ውስጥ በተደረደሩት የሠርጋቸው ብርጭቆዎች። እሷ «አክስቴ ናቸው ያመጡልኝ» አለች፤ እሱ «የለም፣ ሚዜዎቼ ናቸው» አለ። የንብረቱን ዝርዝር የምትጽፈው ልጅ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታያቸዋለች።

ሽማግሌው፦ አውቃቸዋለሁ እኮ እነዚያን ብርጭቆዎች! አፋቸው ወርቅማ ቅብ ያለባቸው አይደሉም? እዚያ ቤት በሄድኩ ቁጥር ውሃ የሚቀርብልኝ በእነሱ ነው። ልጆቹ ግን የሚጠጡት ጆሮው በተሰበረ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ትንሹ አንድ ቀን እጁን ወደ ቡፌው ሲሰድ እናትም አባትም እኩል ጮኹበት፤ «ተው! የእንግዳ ነው!» ብለው። እኔ ፊት በአንድ ቃል ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጠበቃዋ፦ እሱን ነገር ችሎት ላይ ባውቀው ኖሮ!

ሽማግሌው፦ ለችሎት አይሆንም። ለእኔ ግን የዚያ ቤት በሽታ እዚያው ቡፌ ውስጥ ነበር። ሰው ባልና ሚስትን የሚያጣላው ድህነት ነው ይላል፤ ሌላው ፍቅር ማጣት ነው ይላል። ደሃ ሆነው የሚፋቀሩ ሞልተዋል። ፍቅር ኖሯቸውም የሚፋጁ አውቃለሁ። እኔ የማየው ቂልነት አንድ ነው፤ የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ መሆን። ደግነቱም፣ ትሕትናውም፣ ጥሩ ብርጭቆውም ለደጅ ሰው ይወጣና ለገዛ ቤት እሾኹ ይቀራል።

ጠበቃዋ፦ ይህማ የታወቀ ነው፤ ሰው ለእንግዳ ጨዋ ይሆናል።

ሽማግሌው፦ የታወቀ ነው፤ ግን ልኩን አላየሽውም። አንድ ቤት ለማስታረቅ ገብቼ ሚስትየዋ «አንተ የማትረባ! ዕድሜዬን የበላህ!» እያለች ጣሪያ ስትነካ ስልኳ ጮኸ። አነሣችውና «ወዬ የኔ እመቤት! ደህና ነሽልኝ? ልጆቹስ? ኧረ ምንም እየሠራሁ አይደለም፣ ተጫወች!» ብላ ልስልስ አለችላት። ተሳስቀው፣ ተመራርቀው ሲጨርሱ ስልኩን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞራ «ምን ላይ ነበርኩ?» አለችኝ። «ዕድሜሽን የበላው ላይ» አልኳት።

ጠበቃዋ፦ (እየሳቀች) እንግዲህ ሴቷን አስቀደሙ። ባልየውስ?

ሽማግሌው፦ ወንዱማ ይብሳል። ማምሻውን ግሮሰሪ ውስጥ ብታዪው፣ ሒሳብ ለመክፈል ከጓደኞቹ ጋር ይታገላል። «ሞቼ እገኛለሁ! የዛሬው የእኔ ነው!» እያለ የሰው እጅ ጠምዝዞ ይከፍላል። ቤት ሲገባ ደግሞ የኩሽናውን ቅርጫት ከፍቶ «ቅዳሜ የተገዛው ሽንኩርት የት ገባ?» ብሎ ይመረምራል። ያው ሰው ነው፤ በአንድ ምሽት።

ጠበቃዋ፦ እኔ ጋ የሚመጣው የዚያ ሰው ታላቅ ወንድም ነው። ለልጁ ደብተር ለመግዛት የሚጨቃጨቅ፣ ለጓደኛው ግን ዋስ የሚሆን። አንዱ ደንበኛዬ ባል በግል የብድር ውል ላይ ለመቶ ሺዎች ፈርሟል፤ ሚስቱ የሰማችው ጓደኛው ጠፍቶ አበዳሪው በራቸውን ሲያንኳኳ ነው። «ለምን አልነገርካትም?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንዴት ሚስቴን ላማክር ልበለው? ምን ይለኛል?»

ሽማግሌው፦ አየሽ! ጓደኛው «ሚስቱን የሚፈራ» እንዳይለው ቤቱን አስያዘ።

ጠበቃዋ፦ ሕጉ እኮ ለዚህ ዓይነት ሰው ጥሩ ማምለጫ ሰጥቶት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ አንቀጽ 68 ላይ የጋራ ንብረትን በተመለከተ የሁለቱ ስምምነት የሚያስፈልግባቸውን ነገሮች ይዘረዝራል። ቤት መሸጥና ማከራየት አንዱ ነው። ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደር፣ ለሌላ ሰው ዕዳም ዋስ መሆን እዚያው ውስጥ ነው። ሰውዬው «ወዳጄ፣ እኔ ደስ ባለኝ፤ ግን ሕጉ የሚስቴን ፈቃድ ይጠይቃል» ቢል ኖሮ ወዳጅነቱም ቤቱም ይተርፍ ነበር።

ሽማግሌው፦ ስንት ብር አልሽ?

ጠበቃዋ፦ 500።

ሽማግሌው፦ ዛሬ በ500 ብር ምን ይበደሩበታል? ለሁለት ሰው ምሳም አይሆን!

ጠበቃዋ፦ አዋጁ ሲወጣ አንድ ዶላር 8 ብር ገደማ ነበር፤ 500 ብር የብዙ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ነበር። ቁጥሩ ዛሬም እዚያው ቆሟል። ደግሞ የባሰ አለልዎት። ከጋራ ሀብት ከ100 ብር በላይ ለሌላ ሰው በስጦታ ለመስጠትም ሁለቱ መስማማት አለባቸው ይላል።

ሽማግሌው፦ እንግዲያውስ ጥር ገብቶ ለሠርግ ፖስታ ስንወረውር የከረምነው በሙሉ ሕግ ጥሰናል!

ጠበቃዋ፦ እርስዎ እትዬን አማክረው ከሆነ አልጣሱም።

ሽማግሌው፦ (ዝም)

(እዚህ ላይ ቡናው ተቀዳ። የሽማግሌው ባለቤት እትዬም ከጓዳ ሆነው ሳይሰሙ አልቀሩም።)

ጠበቃዋ፦ ለማንኛውም አንቀጽ 69 ደግሞ ያልፈቀደው ወገን ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ድርጊቱ በተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ፣ ፍርድ ቤት ግዴታውን እንዲሽርለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ሚስትየዋ ግን አልጠየቀችም። ለምን ይመስልዎታል? ኩርፊያ ላይ ነበረች። «እሱ ያመጣው ነው፤ ራሱ ይወጣው» ብላ ጊዜው አለፈ። ዕዳው የጋራ ቤታቸውን እየበላው፣ እሷ እሱን የምትቀጣው ይመስላታል።

ሽማግሌው፦ ኩርፊያን ካነሣሽማ ብዙ አለኝ። ጠበቃ ስለማያየው ነው እንጂ የትዳር ትልቁ ጥፋት ኩርፊያ ነው። ጠብ ይሻላል፤ ጠብ ውስጥ ቃል አለ። ኩርፊያ ግን ሥርዓት ያለው ነገር ነው፣ ራሱን የቻለ ሙያ። ባል «ምሳ አልበላም» ብሎ ይወጣና ሥጋ ቤት ገብቶ ጥብስ በልቶ ይመለሳል፤ ፊቱ ግን ሰባት ቀን የጾመ ነው። ሚስት መሶቡን አቅርባ ትጠብቃለች፤ እንደማይበላ ታውቃለች፣ እንዳልተራበም ከትንፋሹ አውቃለች። ግን ማቅረቧን ጎረቤት ማየት አለበት። ነገ ሽማግሌ ሲመጣ «እኔ ምን አጓደልኩ? ማዕዱን አቅርቤለታለሁ» ልትል።

ጠበቃዋ፦ ማስረጃ ማደራጀት ነዋ።

ሽማግሌው፦ ማስረጃ ማደራጀት! የባሰው ልጆቹ ላይ ነው። አንድ ቤት አለ፤ ባልና ሚስት አንድ ሳሎን ውስጥ፣ አንድ ሶፋ ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጠው በሰባት ዓመት ልጃቸው በኩል ይነጋገራሉ። «እናትሽን ካልሲዬ የት ነው በያት።» ልጅቷ ዞር ብላ «እማዬ፣ አባዬ ካልሲዬ የት ነው ይላል።» «እሱ ደንቆሮ፣ ዓይኑ ሥር ያለውን መቼ አይቶ ያውቃል፤ መሳቢያው ውስጥ ነው በይው።» ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ምን ብትል ጥሩ ነው? «አባዬ፣ መሳቢያው ውስጥ ነው ትላለች፤ ላምጣልህ ወይ ትላለች።»

ጠበቃዋ፦ ደንቆሮውን አወጣችው!

ሽማግሌው፦ አውጥታ «ላምጣልህ ወይ» ጨመረችበት። አባትየው ደነገጠ። «እንደዚህ አለች?» አለ፤ እናትየው አጠገቡ ተቀምጣ እየሰማች እኮ ነው! በዚያ ቤት ከእኔ የምትሻል አስታራቂ ነበረች። ግን በሰባት ዓመቷ የሁለት ትልልቅ ሰዎችን ቃል እያጣራች ማደር ነበረባት? ይኼ ነው የሚያናድደኝ። መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ»ንና «ጠልፎ በኪሴ»ን ሲጽፍ ትዳርን ኮሜዲ አድርጎ መድረክ ላይ አወጣው፤ ደግ አደረገ። ቲያትሩን አይቶ ስቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል ተመልካቹ። ልጅ ግን የት ይሄዳል?

ጠበቃዋ፦ ቅናቱንስ አያነሡም? በእኔ ዘመን ኩርፊያን የሚበልጠው የስልክ ፍተሻ ነው። ባሏ እንቅልፍ ሲወስደው ጣቱን ይዛ ስልኩን የከፈተችበት አለች። የሚስቱን የቴሌብር መልእክት እያወጣ «ይህን 300 ብር ማን ላከልሽ?» ብሎ የጠየቀም አለ፤ የዕቁብ ዳኛዋ መልስ ነበር። ሁለቱም ያገኙት ነገር የለም። ያጡት ግን አለ።

ሽማግሌው፦ እሱን እናንተ ታውቁታላችሁ። በእኛ ጊዜ ለቅናት ደብዳቤ መጥለፍ ያስፈልግ ነበር፤ ድካሙ ራሱ ያበርደዋል።

ጠበቃዋ፦ በእርስዎ ጊዜ እኮ ሕጉም ለባል ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይል ነበር፤ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ትታዘዘዋለች፤ ውሎ አዳሯንም ይቆጣጠራል፣ ይመራል። ባልየው አሽከር የመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ እሷ እንድትሠራም ያዝ ነበር። ይህን ሁሉ የ1992ቱ ሕግ ሻረው፤ አሁን በቤተሰቡ አመራር እኩል ናቸው። ክልሎችም የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ሲያወጡ ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ሄደዋል።

ሽማግሌው፦ አዋጁ ሻረው እንጂ ስንቱ ቤት ዛሬም በአሮጌው ሕግ ነው የሚተዳደረው! አንቀጹን አንብቦት የማያውቅ ሁሉ ቃል በቃል ይፈጽመዋል።

ጠበቃዋ፦ ታዲያ ሽማግሌዎችስ? አይቆጡኝ ጋሼ፤ እናንተ ስትገቡ ሴቷን «ቻይው ልጄ» ነው የምትሏት። ወንዱን «ተው እንጂ አንተም» ብላችሁ ትከሻውን መታ መታ። ችላ ችላ ስታበቃ እኔ ጋ ትመጣለች፤ ያኔ «ምነው ቀድመሽ ሳትመጪ?» እላታለሁ። «ሽማግሌ ቻይ ብሎኝ» ትላለች።

ሽማግሌው፦ ዱላ ያለበትን ቤት እኔ አላስታርቅም። ቂልነትና ግፍ ለየቅል ናቸው። እጁን ያነሣውን ወደ ፖሊስ ነው የምልከው።

ጠበቃዋ፦ እርስዎ ይላሉ፤ ሌሎች ግን በዳቦና በይቅርታ ይሸፍኑታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጎታል። ዱላ ያረፈበትን ገላ «የባልና ሚስት ነገር» ብሎ መሸምገል ወንጀል መደበቅ ነው።

ሽማግሌው፦ እስማማለሁ። ግን ወደ እኔ ከሚመጡት አብዛኛው ዱላ አይደለም። ብርጭቆ ነው። ኩርፊያ ነው። «እናቴን ደህና አላላትም» ነው። ለዚህ ደግሞ ችሎት አይሆንም። ችሎት የገባ ባልና ሚስት ሳያሸንፍ መውጣት አይፈልግም፤ የሚያይ ሰው አለዋ! ዘመዱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ቁርኣን ከእሱ ወገን አንድ፣ ከእሷ ወገን አንድ አስታራቂ ይቁም እንደሚል ነግረውኛል፤ ልክ ነው። ክርስቲያኑም የንስሐ አባት አለው። ጥቂት ሰው፣ የተዘጋ በር። እናንተ ግን አደባባይ ታወጡታላችሁ።

ጠበቃዋ፦ ሕጉም እኮ እንደ እርስዎ ነው የሚያስበው። ዳኛው መጀመሪያ ራሱ ያነጋግራቸዋል፤ እንቢ ካሉ ራሳቸው በመረጡት ሽማግሌ እንዲሞክሩ ይልካቸዋል፤ ያም ካልሆነ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣቸዋል። በድሮው ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ራሳቸው ፍቺ ይወስኑ ነበር፤ አሁን ማስታረቅ ብቻ ነው የቀረላችሁ፤ የሚያፋታው ፍርድ ቤት ነው።

ሽማግሌው፦ በዚያ በ3 ወር ያሰላስላሉ?

ጠበቃዋ፦ እውነቱን ልንገርዎ? ብዙዎቹ ፎቶ ያነሣሉ። ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ምንጣፉን። እሷ ጀበናዋን ሳይቀር እናቷ ጋ ታሸሻለች፤ እሱ የመኪናውን ጎማ ይቀይራል። ከሁሉ የከፋውን ልንገርዎ። በቤት ክፍፍል ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ ንብረቱም ለመከፋፈል የማይመች ሲሆን፣ ሕጉ በሐራጅ ይሸጥና ገንዘቡን ይካፈሉ ይላል። አንድ ባል ነበር። ሚስትየዋ ድርሻውን በገንዘብ ልትሰጠው ተስማምታ ነበር፤ ልጆቹም እዚያው ያድጉ ነበር። «እሷ ከምትኖርበት ይሸጥ» አለ። እሷም በእልህ የሰጠችውን ቃል አነሣች፤ «እንግዲያው ይሸጥ!» አለች። ተሸጠ። ሁለቱም ካሰቡት ያነሰ ገንዘብ ይዘው ወጡ። የገዛው ማን እንደሆነ ልንገርዎ?

ሽማግሌው፦ ጎረቤት።

ጠበቃዋ፦ እንዴት አወቁ?

ሽማግሌው፦ ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲያፈሉለት፣ በእንግዳ ብርጭቆ ውሃ ሲያቀርቡለት የኖሩት ለእሱ ነዋ! አልጋው መቼ ለቤት ሆነና። ያን ጎረቤት አልወቅስም፤ ገንዘቡን ከፍሏል። የዋሱ ሰውዬ ግን ከልቤ አልወጣም። የእሱ ጉዳይ ምን ላይ ደረሰ?

ጠበቃዋ፦ ጓደኛው እስካሁን አልተገኘም። ባልና ሚስቱ በየወሩ እየከፈሉ ነው። ኩርፊያው አልቋል፤ ለማኩረፍም ገንዘብ ያስፈልጋል መሰለኝ፤ ዕዳውን እያሰሉ አብረው ሲያመሹ ከረሙ። ፍቺውን ትተውታል።

ሽማግሌው፦ ጥሩ። አንቺ ጻፊልኝ (ይህን ያሉት ወደ እኔ ዞረው ነው) እኔ ለባልና ለሚስት የምመክረው ብዙ የለኝም፤ ሁሉንም ያውቁታል። የማናግረው የደጁን ሰው ነው። ወዳጃችሁን «ዋስ ሁነኝ» ልትሉ ስትሄዱ ግሮሰሪ አትጥሩት፤ ቤቱ ሂዱ፤ ሚስቱ ባለችበት ጠይቁት። እሷ ስትቀመጥ አፋችሁ የማይከፈት ከሆነ የምትጠይቁት ነገር ደግ አይደለምና ተመለሱ።